አዲስ ሃርድ ዲስክ ከገባ በኋላ የድራይቭ ፊደል፦ መለዋወጥ፣ መተው ወይስ በፎልደር ማገናኘት?

አዲስ ሃርድ ዲስክ ገጥመን ኮምፒውተሩን ስናበራ ዊንዶውስ የሚሰጠው ፊደል ብዙ ጊዜ እኛ የምንፈልገው አይሆንም። ነባሩ የመረጃ ዲስክ ለዓመታት «ዲ» ሲባል ቆይቷል፤ አዲሱ «ኢ» ወይም «ኤፍ» ተብሎ ብቅ ይላል፤ ፋይሉን በሙሉ ወደ አዲሱ ገልብጠን ስንጨርስም ፎቶ ማደራጃው፣ የሒሳብ ፕሮግራሙና በየሌሊቱ የሚሠራው የመጠባበቂያ ቅጂ አሁንም «ዲ»ን ይጠራሉ። በዚህ ጊዜ መውጫው አንድ ብቻ አይደለም። ፊደሎቹን ማለዋወጥ ይቻላል፤ ፊደሉን እንዳለ ትቶ በየፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን አድራሻ ማስተካከል ይቻላል፤ አዲሱን ዲስክ ያለ ፊደል በነባሩ ድራይቭ ውስጥ እንዳለ ፎልደር አድርጎ ማስገባት ይቻላል፤ አገናኝ ፎልደር መፍጠርም ይቻላል። ከእነዚህ የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው የዲስኩ ዓይነት ወይም መጠን አይደለም። የሚወስነው «ይህን ፊደል በስሙ እየጠራ የሚጠቀመው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን መንገዶች ሁሉ የምመዝናቸው በዚሁ ጥያቄ ነው።

ፊደሉ የሚቀመጠው የት ነው?

ብዙ ሰው የድራይቭ ፊደል በዲስኩ ላይ የተጻፈ ይመስለዋል። እውነታው ግን ሌላ ነው፤ ፊደሉን የሚይዘው ዊንዶውስ ራሱ ሲሆን፣ የሚመዘግበውም ሬጅስትሪ በሚባለው ማኅደሩ ውስጥ «ማውንትድ ዲቫይስስ» በተሰኘው ክፍል ነው። ዲስኩ በቀድሞው የኤምቢአር አሠራር የተከፋፈለ ከሆነ መዝገቡ የሚይዘው የዲስኩን ባለ 4 ባይት መለያ ቁጥርና ፓርቲሽኑ (ዲስኩ ከተከፋፈለባቸው ክፍሎች አንዱ) የሚጀምርበትን ቦታ ነው፤ በጂፒቲ አሠራር የተከፋፈለ ከሆነ ደግሞ የፓርቲሽኑን ባለ 16 ባይት ልዩ መለያ ይይዛል። ከእያንዳንዱ መለያ አጠገብ «ይህ ዲ ነው»፣ «ይህ ኢ ነው» የሚል ምዝገባ አለ። ፊደል መቀየር ማለት እንግዲህ ይህን ምዝገባ መቀየር ማለት ነው።

ይህን ማወቅ ብዙ ፍርሃት ያስወግዳል። ፊደል ሲቀየር በዲስኩ ላይ ካሉት ፋይሎች አንዱም አይነካም፤ ፎርማት ማድረግም አያስፈልግም። ዲስኩን ነቅለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሰኩት የዚያኛው ዊንዶውስ በራሱ መዝገብ መሠረት ሌላ ፊደል ሊሰጠው ይችላል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ዊንዶውስ ተጭነው ከሆነም እያንዳንዱ የየራሱን ፊደል ስለሚይዝ በአንዱ ያደረጉት ለውጥ በሌላው አይታይም።

ፊደሉ ለምን ከ«ሲ» እንደሚጀምር ለሚጠይቅ፣ «ኤ» እና «ቢ» የፍሎፒ ዲስክ ቦታዎች ነበሩ። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ መረጃ የሚያስቀምጠው በፍሎፒ ላይ ነበር፤ በ1983 የተከተለው ኤክስቲ 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ይዞ ሲመጣ ቀጣዩን ፊደል ወሰደ። ፍሎፒው ከጠፋ በኋላም ልማዱ ቀጥሏል። ዛሬም ዊንዶውስ ለአዲስ ዲስክ የሚሰጠው ያገኘውን የመጀመሪያ ክፍት ፊደል ነው፤ ሲዲ ማጫወቻው፣ የሜሞሪ ካርድ ማንበቢያውና የተሰኩት ፍላሾች በየተራ ፊደል ስለሚይዙ የአዲሱ ሃርድ ዲስክ ፊደል አስቀድሞ የማይገመት ይሆናል። ስለዚህ አዲሱን ዲስክ ከመግጠምዎ በፊት ፍላሽና ውጫዊ ዲስክ ሁሉ መንቀል ነገሩን ያቀልላል።

መለዋወጥ፦ አዲሱ የነባሩን ስም ሲወርስ

በነባሩ ዲስክ ላይ የነበረው ሁሉ ወደ አዲሱ የተዛወረ ከሆነ ከሁሉም የተሻለው መንገድ አዲሱ የነባሩን ፊደል እንዲወርስ ማድረግ ነው። ፕሮግራሞቹ የሚያውቁት አድራሻ ስላልተለወጠ ምንም ነገር እንደተቀየረ አያውቁም። በደርዘን የሚቆጠሩ ቅንብሮችን አንድ በአንድ ከማሳደድ ሁለት ፊደል ማለዋወጥ ይሻላል፤ በዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም።

ሁለት ፊደሎችን በአንድ ጊዜ ማለዋወጥ ግን አይቻልም፤ አንድ ፊደል በአንድ ጊዜ ለሁለት ድራይቭ አይሰጥምና። በመሃል ሦስተኛ ፊደል ያስፈልጋል። የመነሻ ቁልፉን በቀኝ ክሊክ ጠቅ አድርገው ከሚወጣው ዝርዝር «ዲስክ ማኔጅመንት»ን ሲከፍቱ መስኮቱ ለሁለት ተከፍሎ ይታያል፤ ከላይ ድራይቮቹ በስም ተዘርዝረዋል፣ ከታች እያንዳንዱ ዲስክ እንደ አግድም ሰቅ ተስሏል። ሰማያዊ ጭንቅላት ያለው ሰቅ ፓርቲሽን ያለው ነው፤ ጥቁሩ ገና ያልተከፋፈለ ባዶ ቦታ ነው። ነባሩን «ዲ» በቀኝ ክሊክ ጠቅ ያድርጉና የድራይቭ ፊደልና መንገድ መቀየሪያውን መርጠው ወደ «ኤክስ» ይቀይሩት። ዊንዶውስ በዚህ ጊዜ በፊደል የሚመሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች በትክክል ላይሠሩ እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያው እውነት ነው፣ ነገር ግን እርስዎ የሚያደርጉት ጉድለቱን ወዲያው የሚሞላ ስለሆነ መቀጠል ይችላሉ። ከዚያ አዲሱን «ኢ» ወደ «ዲ» ይቀይሩ። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉ። በሂደቱ ውስጥ ከ«ዲ» ፋይል የከፈተ ፕሮግራም ሁሉ አስቀድሞ መዘጋት አለበት፤ ቃል ማቀናበሪያ ብቻ ሳይሆን ከጀርባ የሚሠሩት የፋይል ማመሳሰያና የመጠባበቂያ ቅጂ ፕሮግራሞችም ጭምር።

ይህ መንገድ የሚሳካው የተገለበጠው በትክክል ከተገለበጠ ነው። በመዳፊት ጎትቶ ከመገልበጥ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን «ሮቦኮፒ» መጠቀም ይሻላል፤ የፋይሎቹን ቀንና የመዳረሻ ፈቃድ ጭምር እንዲገለብጥ ማዘዝ ይቻላል፣ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል፣ ያልተገለበጠውንም በመጨረሻ በቁጥር ያሳያል። አንድ ጠባዩን ግን ይወቁለት፦ የአንድን ድራይቭ ሥር (ከሁሉም ፎልደሮች በላይ ያለውን ደረጃ) በቀጥታ ወደ ፎልደር ሲገለብጡ መድረሻው ፎልደር የ«ሥርዓት» እና የ«ድብቅ» ምልክት ወርሶ ከዓይን ሊሰወር ይችላል። ፋይሉ ጠፋ ብለው ከመደንገጥዎ በፊት ድብቅ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ።

እዚህ ላይ በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር። አንድ ጊዜ ፊደል ለዋውጬ ነባሩን የውስጥ ዲስክ «ኤፍ» ብዬ ተውኩት። «ኤፍ» ግን ከዚያ በፊት በየሌሊቱ የመጠባበቂያ ቅጂ የሚጻፍበት ውጫዊ ዲስክ ፊደል ነበር። ውጫዊው ዲስክ በማግስቱ ሲሰካ ሌላ ፊደል ተሰጠው፤ የመጠባበቂያ ፕሮግራሙም ያለ አንዳች ቅሬታ በ«ኤፍ» ላይ፣ ማለትም እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ባለው አሮጌ ዲስክ ላይ መጻፉን ቀጠለ። ያወቅኩት ከሳምንታት በኋላ ውጫዊውን ዲስክ ከፍቼ የመጨረሻውን ፋይል ቀን ሳይ ነው፤ ፊደል የለዋወጥኩበት ቀን ላይ ቆሞ ነበር። ምንም አልጠፋም፤ ነገር ግን በእነዚያ ሳምንታት ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ዋናውም ቅጂውም አብረው ይሄዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በመሃል የምጠቀምበትን ፊደል ስመርጥ ዛሬ ክፍት መሆኑን ብቻ ሳይሆን ትናንት የማን እንደነበረ ጭምር አጣራለሁ።

ለዚህም ነው ለውጫዊ ዲስኮች ከፊደል ዝርዝሩ መሃል፣ ለምሳሌ «ኤም» ወይም «ፒ» ዓይነት ፊደል መስጠት የምመክረው። ዊንዶውስ ከመጀመሪያ ወደ ፊት እየቆጠረ ስለሚያድል ወደዚያ አይደርስም፤ የኔትወርክ ድራይቮች ደግሞ በልማድ ከ«ዜድ» ወደ ኋላ ስለሚሰጡ ከዚያም በኩል አይነካም።

የትኛውን መሣሪያ ልጠቀም?

ለአንድ ኮምፒውተር ዲስክ ማኔጅመንት ይበቃል። ሥዕሉን እያዩ ስለሚሠሩ ዲስኩን የማሳሳት ዕድልዎ አነስተኛ ነው።

«ዲስክፓርት» የሚባለው የጽሑፍ ትእዛዝ መሣሪያም ያንኑ ሥራ ይሠራል፦ ድራይቮቹን ያስዘረዝራሉ፣ አንዱን በቁጥሩ ይመርጣሉ፣ ፊደሉን ይሰጣሉ። ዊንዶውስ በማይነሣበት ጊዜ ከመጫኛ ፍላሽ ተነሥቶ መጠቀም የሚቻለው ይህን በመሆኑ ማወቁ ይጠቅማል። ሆኖም በዚያው መስኮት ውስጥ «ክሊን» የምትባል ትእዛዝ አለች፤ የተመረጠውን ዲስክ የፓርቲሽን ሠንጠረዥ «እርግጠኛ ነዎት?» ብላ ሳትጠይቅ ታጠፋለች። ቁጥር 1 እና ቁጥር 2 የሆኑ ሁለት ተመሳሳይ መጠን ያላቸው ዲስኮች ባሉበት ኮምፒውተር ፊደል ለመቀየር ብቻ ዲስክፓርት መክፈት አላስፈላጊ አደጋ ነው።

ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በ«ፓወርሼል» በአንድ መስመር ነባሩንና አዲሱን ፊደል ጠርቶ መቀየር ይቻላል። ይህ የሚመረጠው ያንኑ ለውጥ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ለሚያደርግ ባለሙያ ነው። ከእነዚህ ውጭ በገንዘብ የሚሸጡ የፓርቲሽን ፕሮግራሞች ለፊደል ቅየራ ብቻ ከሆነ የሚጨምሩት ነገር የለም።

ፊደሉን ትቶ አድራሻዎችን ማስተካከል

አዲሱ ዲስክ ነባሩን የሚተካ ሳይሆን ተጨማሪ ቦታ ለመሆን የመጣ ከሆነ መለዋወጥ ትርጉም የለውም። ነባሩ «ዲ» ሆኖ ይቀጥላል፤ አዲሱ የራሱን ፊደል ይይዛል፤ ወደዚያ ያዛወሩትን የሚጠቀሙ ፕሮግራሞች ብቻ አዲሱን አድራሻ ይነገራቸዋል። የሚዛወረው አንድ ወይም ሁለት ነገር ሲሆን ይህ መንገድ ከሁሉም ንጹሕ ነው። «ሰነዶች» እና «ሥዕሎች» የሚባሉት የተጠቃሚ ፎልደሮች በባሕርያቸው ገጽ ላይ ሥፍራ መቀየሪያ ስላላቸው ዊንዶውስ ራሱ ፋይሉን አዛውሮ አድራሻውን ያስተካክላል። ብዙ የፎቶና የሙዚቃ ማደራጃዎችም የጠፋ ፎልደር መፈለጊያ አላቸው።

የማይመች የሚሆነው ፊደሉን የያዙት ነገሮች ሲበዙና ሲደበቁ ነው። ሾርትከቶች፣ በሰዓት የሚነሡ ተግባራት፣ ከጀርባ የሚሠሩ አገልግሎቶች ሙሉ አድራሻ ይዘዋል። በኔትወርክ ለሌሎች የተጋራ ፎልደርም የሚመዘገበው ፊደሉን ከያዘ አድራሻው ጋር ስለሆነ ፊደሉ ሲቀየር መጋራቱ ይቋረጣል፤ የሚገርመው ደግሞ ይህን መጀመሪያ የሚያውቀው የኮምፒውተሩ ባለቤት ሳይሆን በሌላ ክፍል ተቀምጦ ፋይሉ የጠፋበት ሰው ነው። በዲስኩ ላይ የተጫኑ ፕሮግራሞችን በተመለከተ የኔ ምክር አጭር ነው፦ አድራሻቸውን በሬጅስትሪ ውስጥ እየፈለጉ ማረም አይሞክሩ። አጥፍቶ በአዲሱ ቦታ እንደገና መጫን ፈጣንም አስተማማኝም ነው።

ያለ ፊደል፦ ዲስኩን በፎልደር ውስጥ ማስገባት

ከዊንዶውስ 2000 ጀምሮ ያለ፣ ነገር ግን ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ሌላ መንገድ አለ። አዲሱ ዲስክ ፊደል ሳይኖረው በነባሩ ድራይቭ ላይ ባለ ባዶ ፎልደር በኩል እንዲከፈት ማድረግ ይቻላል። ፎልደሩ ያለበት ድራይቭ በኤንቲኤፍኤስ (ዊንዶውስ በተለምዶ በሚጠቀምበት የፋይል አደረጃጀት) ፎርማት የተደረገ፣ ፎልደሩም ፍጹም ባዶ መሆን አለበት፤ ሥራው የሚከናወነው ፊደል በሚቀየርበት በዚያው የዲስክ ማኔጅመንት መስኮት ነው።

«ዲ» ላይ «ፎቶዎች» የሚባል ፎልደር አለ እንበል፤ ድራይቩን የሞላውም እሱ ብቻ ነው። ፎልደሩን «የቀድሞ ፎቶዎች» ብለው ስሙን ይቀይሩ፣ በነበረበት ቦታ «ፎቶዎች» የሚባል ባዶ ፎልደር ይፍጠሩ፣ አዲሱን ዲስክ እዚያ ውስጥ ያስገቡ፣ ከዚያ ይዘቱን ይገልብጡ። ለፎቶ ማደራጃው አድራሻው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከአድራሻው በስተጀርባ ያለው ዲስክ ነው። አንድ ፎልደር ብቻ ያበጠበትን ድራይቭ ለማሳረፍ ከዚህ የሚስማማ መንገድ አላውቅም።

ጉድለቱ በቦታ ቆጠራ ላይ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ክፍት ቦታ የሚለኩት የድራይቩን ፊደል ጠይቀው በመሆኑ፣ አዲሱ ዲስክ ላይ 2 ቴራባይት ባዶ ቦታ እያለ መጫኛው «ዲ» ሞልቷል ብሎ ሊቆም ይችላል። የመጠባበቂያ ቅጂ ፕሮግራሞችም በዚህ ነገር አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዳንዱ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገለብጣል፣ አንዳንዱ በሩ ላይ ይቆማል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቅጂውን ከፍቶ በዚያ ፎልደር ውስጥ ያለ አንድ ፋይል መፈለግ ብቻ ነው መንገዱ።

አገናኝ ፎልደር

«ኤምኬሊንክ» በሚባለው ትእዛዝ የሚፈጠረው «ጀንክሽን» ከላይኛው ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ሙሉ ዲስክን ሳይሆን በዲስኩ ላይ ያለን አንድ ፎልደር ማገናኘቱ ነው። አዲሱ ዲስክ የራሱ ፊደል ኖሮት በውስጡ ካሉት አሥር ፎልደሮች አንዷ ብቻ በ«ዲ» ላይ እንዳለች ሆና እንድትታይ ከተፈለገ ይህ ይመረጣል። የጨዋታ ፎልደር ወይም የቨርቹዋል ማሽን ፋይሎችን ከጠበበ ድራይቭ ለማውጣት ብዙዎች የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው።

በሁለቱ መካከል ግን ብዙ መመሪያዎች የማይጠቅሱት ከባድ ልዩነት አለ። በፎልደር የገባ ዲስክ የሚታወቀው በራሱ ልዩ መለያ ስለሆነ ነገ ፊደል ቢሰጠው ወይም ቢነሣበት ግንኙነቱ አይበጠስም። ጀንክሽን ግን የመድረሻውን አድራሻ ከነፊደሉ ጽፎ ይይዛል። ስለዚህ ወደ «ኢ» የሚያመለክቱ ጀንክሽኖች ሠርተው በኋላ «ኢ»ን ወደ «ኤም» ቢቀይሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ባዶ ይጠቁማሉ። ጀንክሽን ለመጠቀም ካሰቡ የዲስኩን ፊደል አስቀድመው በቋሚነት ይወስኑ፤ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ አይገባም። ጀንክሽን የሚያገናኘው በዚያው ኮምፒውተር ላይ ያሉ ድራይቮችን ብቻ ሲሆን፣ በኔትወርክ ላይ ወዳለ ፎልደር ማመልከት የሚችለው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው «ሲምቦሊክ ሊንክ» ነው።

አንድ ፎልደርን ፊደል ያለው ድራይቭ አስመስሎ የሚያሳይ «ሰብስት» የሚባል የቆየ ትእዛዝም አለ። ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ፊደሉ ይጠፋል፣ በአስተዳዳሪ መብት የተከፈተ ፕሮግራምም ላያየው ይችላል። ለአጭር ሙከራ ካልሆነ አልመርጠውም።

«ሲ»ን በተመለከተ

ዊንዶውስ የተጫነበትን ድራይቭ ፊደል አይቀይሩ። ዲስክ ማኔጅመንት ራሱ አይፈቅድም፤ ዲስክፓርትም ለዚህ ድራይቭና የገጽ ፋይል (ዊንዶውስ ሜሞሪ ሲያጥረው በዲስክ ላይ የሚጠቀምበት ፋይል) ላለበት ድራይቭ ፊደል አይሰጥም። በሬጅስትሪ በኩል ማስገደድ ቢቻልም በሺዎች የሚቆጠሩ የዊንዶውስ አድራሻዎች «ሲ»ን ስለሚጠሩ ውጤቱ የማይነሣ ኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። መረጃ የያዘው ድራይቭ ላይ የገጽ ፋይል አስቀምጠው ከነበረ ደግሞ መጀመሪያ ወደ «ሲ» መልሰው፣ ሪስታርት አድርገው፣ ከዚያ ፊደሉን ይቀይሩ።

የተተካው ራሱ የዊንዶውስ ዲስክ ከሆነ፣ ማለትም ነባሩ በሙሉ ወደ አዲሱ ክሎን ከተደረገ፣ ለ«ሲ» ፊደል ሲባል ማድረግ ያለብዎት አንድ ነገር ነው፦ ክሎን ማድረጉ እንዳለቀ ኮምፒውተሩን አጥፍተው ነባሩን ዲስክ ይንቀሉ፣ የመጀመሪያውንም ጊዜ በአዲሱ ብቻ ያስነሡ። ክሎኑ የነባሩን መዝገብ እንዳለ ስለያዘ ሁለቱ አብረው ቢነሡ «ሲ» የሚለው ስም ወደ ነባሩ ሊሄድ ይችላል። የሁለቱ ዲስኮች መለያ ቁጥር አንድ ሆኖ ከተገኘም ዊንዶውስ አንዱን ከመስመር ውጭ ያደርገዋል።

ነባሩን ዲስክ ምን እናድርገው?

የመረጃ ዲስክ የተካ ሰው ነባሩን ወዲያው ፎርማት ማድረግ የለበትም። ቢያንስ ሁሉም ፕሮግራም አንድ ጊዜ ተከፍቶ፣ የመጠባበቂያ ቅጂው አንድ ዙር ሠርቶ፣ የተጻፈበትም ዲስክ የትኛው እንደሆነ በዓይን ታይቶ እስኪረጋገጥ ድረስ ይቆይ። እስከዚያ ግን ፊደል ይዞ መቀመጥ የለበትም፤ ፊደል ካለው አንድ ቀን አንድ ፕሮግራም እዚያ ላይ መጻፉ አይቀርም። በዲስክ ማኔጅመንት ፊደሉን ያንሡለት። ዲስኩ ከፋይል መመልከቻው ይሰወራል፣ ፋይሎቹ ግን እንደነበሩ ይቀመጣሉ፤ አንድ የረሱት ሰነድ ቢያስፈልግዎ ለጊዜው ክፍት ፊደል ሰጥቶ ከፍቶ ማውጣት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።